የወተት ጥርስን ሥር በብርሃን ማጽዳት፦ ከራጁ እስከ ክራውኑ

«ዶክተር፣ የወተት ጥርስ አይደል እንዴ? ይወድቃል እኮ! ዝም ብለው ይንቀሉላት።»

ይህን ያላለኝ ወላጅ ጥቂት ነው። አልፈርድባቸውም። በአገራችን «ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣው ጥርስ ነው» እየተባለ የሕፃናትን ያልበቀለ የወተት ጥርስ ከድድ ፈልቅቆ ማውጣት የቆየ ጎጂ ልማድ ነው። የወተት ጥርስ ዋጋ እንዳለው ቀድሞ የነገራቸው የለም።

ዋጋው ግን ትልቅ ነው። የ5 ዓመት ልጅ እናስብ። የታችኛው ሁለተኛ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ነርቩ ሞቷል፤ ድዷ ላይ መግል የቋጠረች ትንሽ ብጉር ወጥታለች። ይህ ጥርስ በተፈጥሮው የሚወድቀው ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስድስተኛ ዓመቷ አካባቢ የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ከኋላው ይበቅላል፤ ሲበቅልም የዚህን የወተት ጥርስ ጀርባ ተደግፎ ነው ቦታውን የሚይዘው። ዛሬ ከነቀልነው ቋሚው ወደፊት ይንሸራተትና ለሌላ ጥርስ የተተወውን ቦታ ይነጥቃል። ከዓመታት በኋላ የተዛነፈ ጥርስ ይዘው ይመጣሉ።

ስለዚህ ማዳን የሚቻለውን እናድናለን፤ የሥሩን ውስጥ አጽድተን፣ በብርሃን አግዘን እንሞላዋለን። ይህ መመሪያ የተጻፈው በተለይ ሥራውን ለጀመራችሁ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች ነው። ወላጆችም ብታነቡት ልጃችሁ ወንበሩ ላይ ስትተኛ ምን እንደሚደረግላት ታውቃላችሁ። ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር ግን የለበትም።

ብርሃኑ ምን ይሠራል?

ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ቀለም፣ ብርሃንና ኦክስጅን። ቀለሙ ባክቴሪያው ላይ ይጣበቃል። ለቀለሙ የሚስማማ ብርሃን ሲበራበት ቀለሙ ጉልበቱን በአካባቢው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ያ ኦክስጅን ቁጡ ይሆንና ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል። ዕድሜው በሴኮንድ ሚሊዮንኛ የሚቆጠር ስለሆነ ሩቅ አይሄድም። የባክቴሪያውን ግድግዳም፣ ፕሮቲኑንም፣ ዘረመሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ባክቴሪያው እንደ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አይለምደውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1900 አካባቢ ሙኒክ ውስጥ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ አክሪዲን የተባለ ቀለም ያለበት ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደሚሞቱ አስተዋለ። መምህሩ ሄርማን ፎን ታፓይነር ክስተቱን «ፎቶዳይናሚክ» ብሎ ሰየመው። ዛሬ ጥርስ ውስጥ የምንጠቀምበት ሜቲሊን ብሉ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ በ1876 ነው የተሠራው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ የሚያያዘው ከእሱ ጋር ነው። ብርሃኑ የሚገድለው ቀለሙ የደረሰበትን ብቻ ነው። ቀለሙ የሚደርሰው ደግሞ እናንተ ቀድማችሁ ያጸዳችሁት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ መብራቱ የእጅ ሥራን አይተካም። በፋይል (የሥሩን ውስጥ በሚፍቅ ቀጭን የብረት መሣሪያ) እና በማጠቢያ ከተሠራው በኋላ የሚጨመር ነው። ጥናቶች የባክቴሪያውን ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ደካማ ጽዳትን የሚያድን ተአምር ግን አይደለም።

መጀመሪያ፦ ዕቃውን በትክክል አዘጋጁ

እዚህ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ስህተቱ የሚበዛው እዚህ ነውና።

ቀለምና ብርሃን እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። ሜቲሊን ብሉ የሚፈልገው የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ ብርሃን ነው። ቶሉዲን ብሉ 630 ናኖሜትር አካባቢ ይበቃዋል። ሙሌት የምናደርቅበት ሰማያዊ መብራት ሁላችንም ክሊኒክ ውስጥ አለ። «ብርሃን ብርሃን ነው» ብሎ እሱን ሜቲሊን ብሉ ላይ ማብራት ግን ከንቱ ድካም ነው። ቀለሙ ያንን ብርሃን እምብዛም አይቀበለውም። ልጅቷን ለከንቱ አፏን አስከፍታችሁ ታቆዩአታላችሁ።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ አደገኛ ነው። ድድ የሚቆርጠው ትልቁ ዳዮድ ሌዘር ሌላ ዕቃ ነው። እሱ በዋት የሚቆጠር ኃይል ያወጣል፤ ያቃጥላል። እኛ የምንፈልገው 100 ሚሊዋት አካባቢ የሚያወጣ ደካማ ሌዘር ነው። የወተት ጥርስ ግድግዳ ቀጭን ነው። በሥሮቹ መካከል የቋሚው ጥርስ ቡቃያ ተኝቷል። ሙቀት እዚያ መድረስ የለበትም።

ቀለሙን ለጥርስ ሕክምና ተብሎ የተዘጋጀውን ግዙ። የተለመደው መጠን ከ0.005 እስከ 0.01 በመቶ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ሥር ባክቴሪያ የሚቀባበትን ሜቲሊን ብሉ ለምኖ ማምጣት አይሞከር። አልኮልና ሌላ ኬሚካል ሊኖርበት ይችላል፤ ለሰው አካልም አልተዘጋጀም። ማቅጠን ካስፈለገ ለሕክምና ከተመረተው ላይ ፋርማሲስት ያቅጥነው። ማድመቅም አይጠቅምም። በጣም የደመቀ ቀለም ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ቀለሙን ከብርሃን ሸፍናችሁ አስቀምጡ።

መነጽር! ለልጅቷ፣ ለእናንተ፣ ለረዳታችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ላለች እናት። ሙሌት ስናደርቅ የምናደርገው ብርቱካናማ መነጽር ሰማያዊውን ያግዳል እንጂ ቀዩን ያሳልፋል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መነጽሩ ላይ የተጻፈውን የሞገድ ርዝመት አንብቡ፤ የእናንተን መሣሪያ ቁጥር የሚሸፍን መሆን አለበት። የልጅ ልክ ያለውን ፈልጉ፣ የትልቅ ሰው መነጽር በጎን ክፍት ይሆናል።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ የምትሠሩት፣ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡና ጠዋት ቻርጅ መሙላቱን አረጋግጡ። የሌዘሩ ኃይል ከጊዜ ጋር እየደከመ ይሄዳልና በየጊዜው በመለኪያ አስመርምሩት።

ደረጃ 1፦ ይህ ጥርስ ይድናል ወይ?

ራጅ አንሱ። ሥሩ ከሲሶው በላይ ከተበላ፣ የጥርሱ ወለል ከተበሳ፣ ወይም ሙሌትና ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) የሚይዝ አካል ካልቀረ መንቀል ይሻላል። በብርሃን ስም አታስታምሙት። ፊቷ ያበጠና ትኩሳት ያላት ልጅ ከሆነች ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑን በአስቸኳይ ማከም ነው።

ስለ ጤናዋ ጠይቁ። የልብ ሕመም አለባት? በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው። የልብ ኢንፌክሽን ስጋት ላለባትና የመከላከል አቅሟ ለተዳከመ ልጅ የበሰበሰውን የወተት ጥርስ ማዳን ሳይሆን ማውጣት ነው የሚመረጠው። ያም ሐኪሟን አማክሮ ነው። በተጨማሪ ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም እጥረት እንዳለባት ተነግሯቸው እንደሆነ ወላጆቿን ጠይቁ። ሜቲሊን ብሉ በደም ሥር ሲሰጥ ለእነዚህ ሰዎች አደገኛ ነው። ጥርስ ውስጥ የሚገባው ጠብታ ቢሆንም፣ እኔ እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ቀለሙን ትቼ በተለመደው መንገድ ብቻ እሠራለሁ።

ድድ ላይ ያለችው ብጉር ብቻዋን አንቲባዮቲክ አታስፈልጋትም። ምንጩ ጥርሱ ውስጥ ነው፤ ምንጩ ሲጸዳ ትጠፋለች። ሽሮፕ ጽፎ ቤት መላክ ቀላል ነው። ልጅቷ ግን ከወር በኋላ ያንኑ መግል ይዛ ትመለሳለች።

ደረጃ 2፦ ልጅቷን አዘጋጁ

ዕቃውን ከማሳየታችሁ በፊት ስሟን ጠይቁ። ከዚያ ንገሯት፣ አሳዩዋት፣ ከዚያ ሥሩ። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «የኔ እናት፣ ጥርስሽ ውስጥ ትንንሽ ትሎች ገብተዋል። መጀመሪያ እናጥባቸዋለን። ከዚያ ሰማያዊ ቀለም እንቀባቸዋለን። መጨረሻ ላይ ቀይ መብራት እናበራባቸዋለን።» መነጽሩን መጀመሪያ እኔ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ለእናቷ፣ ከዚያ ለእሷ። ቀዩን መብራት መዳፌ ላይ አሳያታለሁ። አብዛኞቹ መብራቱን ለማየት ሲሉ መርፌውን ይችሉታል።

ለማደንዘዣ ክብደቷን መዝኑ፤ በግምት አትሥሩ። ለልጆች የሊዶካይን ጣሪያ በኪሎ 4.4 ሚሊግራም ነው። 15 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 66 ሚሊግራም ማለት ነው። 1.8 ሚሊሊትር የሚይዘው ባለ 2 በመቶ ካርትሪጅ 36 ሚሊግራም አለው። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ካርትሪጅ ከጣሪያው ያልፋል። ነርቩ የሞተ ጥርስ ቢሆንም አደንዝዙ። ሥሩ ውስጥ ሕይወት ያለው ቅሪት ይኖራል፤ የራበር ዳሙ (ጥርሱን ከአፍ የሚለየው ስስ ጎማ) መቆንጠጫም ድዱን ያማል።

ደረጃ 3፦ ራበር ዳም

ያለ እሱ አትጀምሩ። ምራቅ ከገባ ያጸዳችሁትን መልሳችሁ አቆሸሻችሁ። ማጠቢያው ወደ ጉሮሮዋ ይወርዳል። ቀለሙም ምላሷንና ከንፈሯን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ፋይል ቢያመልጣችሁ ደግሞ ትውጠዋለች። ጥጥ ብቻ ይበቃል አትበሉ።

ደረጃ 4፦ መክፈትና ማጽዳት

የሥራው ልብ ይህ ነው። መብራቱን ረስታችሁ እዚህ ላይ አተኩሩ።

የተቦረቦረውን ሁሉ ከጎን ወደ መሃል አውጡ። ጣሪያውን ክፈቱ። የታችኛው ሁለተኛ የወተት መንጋጋ ሁለት ሥር አለው። ካናሎቹ (በሥሩ ውስጥ የሚያልፉት ቧንቧዎች) ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ናቸው። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ወይም ሁለት። ከኋላ አንድ ሰፊ ካናል አግኝታችሁ «አለቀ» አትበሉ፣ ጎንና ጎኑን በቀጭን ፋይል ዳስሱ።

የሥራ ርዝመቱን (ፋይሉ የሚገባበትን ጥልቀት) በራጅ ወይም በአፔክስ ሎኬተር (የሥሩን ጫፍ በሚጠቁም መሣሪያ) ለኩ። ከሥሩ ጫፍ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር አጠር አድርጉ። የወተት ጥርስ ሥር ተበልቶ ጫፉ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ማዶ ያለው የቋሚው ቡቃያ ነው። ፋይሉን በለሆሳስ አስኬዱት። የካናሉ ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ እንደ ትልቅ ሰው ጥርስ መቆፈር ይበሳዋል። ሥሮቹ ቡቃያውን ለማቀፍ ወደ ውጭ ስለሚጎብጡ ፋይሉን ቀድማችሁ ትንሽ አጉብጡት።

በየፋይሉ መካከል እጠቡ። ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከ1 እስከ 2.5 በመቶ በቂ ነው። የሱቅ በረኪና አትጠቀሙ፤ ለልብስ የተሠራ ነው፣ ጥንካሬውም በትክክል አይታወቅም። ጎኑ የተበሳ ቀጭን መርፌ ያዙ። ከሥራ ርዝመቱ 2 ሚሊሜትር ያህል አጠር አድርጋችሁ፣ መርፌው ካናሉ ውስጥ ሳይሸጎጥ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ተገፍቶ ከሥሩ ካለፈ ከባድ ሕመምና እብጠት ያመጣል።

ባክቴሪያዎቹ ዝም ብለው የተበተኑ አይደሉም። እንደ ንፍጥ ባለ ሽፋን ውስጥ ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። የወተት ጥርስ ደግሞ በሥሮቹ መገንጠያ ላይ ፋይል የማይገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ብርሃኑን የምንጨምረውም ለዚሁ ነው።

ደረጃ 5፦ ማጠቢያውን አጥባችሁ አውጡ

ብዙዎች የሚዘሏት ደረጃ ይህች ናት። ሃይፖክሎራይት ሜቲሊን ብሉን ያነጣዋል። ልብስ ላይ በረኪና ሲፈስ የሚሆነውን አስቡት። ካናሉ ውስጥ ቅሪት ካለ ያስገባችሁት ቀለም ገና ሳይሠራ ይደበዝዛል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) እጠቡ። ከዚያ ፋይሉ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ስስ ጭቃ ለማንሳት 17 በመቶ ኢዲቲኤ ወይም 6 በመቶ ሲትሪክ አሲድ ለአጭር ጊዜ ተጠቀሙ። ጭቃው ሲነሳ ቀለሙ ወደ ጥርሱ ጥቃቅን ቧንቧዎች ይገባል። ከዚያ እንደገና በሳላይን፣ በደንብ። ክሎርሄክሲዲን የምትጨምሩ ከሆነ ከሃይፖክሎራይቱ ጋር እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ። ሲገናኙ ቡናማ ዝቃጭ ይሠሩና ካናሉን ይደፍኑታል።

በፔፐር ፖይንት (ውሃ በሚመጥ ቀጭን የወረቀት ዘንግ) ትርፉን ውሃ ምጠጡ።

ደረጃ 6፦ ቀለሙ

በቀጭን መርፌ ከታች ወደ ላይ እየሳባችሁ ካናሉን ሙሉት። አትግፉት፣ ከሥሩ ጫፍ እንዳያልፍ። በቀጭን ፋይል ወይም በፔፐር ፖይንት ወዝወዝ አድርጉት፤ የታሰረ አየር ካለ ይወጣል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቁ። መሣሪያችሁ ይዞት የመጣው መመሪያ ሌላ ደቂቃ ከጠቀሰ እሱን ተከተሉ።

አምስት ደቂቃ ለ5 ዓመት ልጅ ረጅም ነው። አትዝለሉት። ቀለሙ ባክቴሪያው ላይ ካልተጣበቀ ብርሃኑ የሚያቃጥለው የለም። የአሸዋ ሰዓት ገዝቼ ለልጆቹ በእጃቸው እሰጣለሁ። «አሸዋው ሲያልቅ ንገሪኝ» ስላት ሥራ ያገኘች ይመስላታል፤ ዓይኗን ከአሸዋው አታነሳም። እናትየውም እጇን ይዛ ተረት ብትነግራት ጥሩ ነው።

ጊዜው ሲያልቅ የጥርሱ ሆድ ውስጥ የተጠራቀመውን ትርፍ ቀለም በጥጥ አንሱ። ካናሉ ውስጥ ያለው ይቆይ። ከላይ የተኛ ጥቁር ሰማያዊ ኩሬ ብርሃኑን ውጦ ያስቀረዋል።

ደረጃ 7፦ ብርሃኑ

መነጽር ሁሉም ሰው አድርጓል? በር ተዘግቷል? ያብረቀረቀ መስታወት ወደ ዓይን አልዞረም? እሺ።

ቀጭን የብርሃን ክር ካላችሁ ወደ ካናሉ አስገቡት፤ ከሥራ ርዝመቱ ትንሽ አጠር አድርጉ፤ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ መልሱት። ክሩ ቀጭን ስለሆነ በጎበጠ ካናል ውስጥ በኃይል ከገፋችሁት ይሰበራል። ክር ከሌላችሁ ጫፉን ካናሉ አፍ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። የወተት ጥርስ ሥር አጭር ነው፤ ቀይ ብርሃንም በጥርስ ውስጥ ይበተናል፤ ስለዚህ የተወሰነው ይደርሳል። ክሩ ግን ይሻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዋት ሲባዛ በሴኮንድ ጁል ይሆናል። 100 ሚሊዋት ለ40 ሴኮንድ 4 ጁል ነው፤ ለ60 ሴኮንድ 6 ጁል። ይህ ለአንድ ካናል ነው። ሦስት ካናል ካለ ሦስት ጊዜ፣ እያንዳንዱን ለብቻው። ትክክለኛው ቁጥር ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያልና የእናንተን አምራች መመሪያ ተከተሉ። ልጅቷ ከተንቀሳቀሰች ወይም እጃችሁ ከሸሸ ቆጠራውን አቁሙና ካቆማችሁበት ቀጥሉ። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ፤ ልጆቹ አብረውኝ ይቆጥራሉ፣ አፋቸው ተከፍቶ «አአ፣ አአ» እያሉ።

ሕመም የለውም። ሙቀትም አይሰማትም። ሞቀኝ ካለች አቁሙ፤ የተሳሳተ መሣሪያ ወይም የተሳሳተ ኃይል ይዛችኋል ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ማጠብ፣ መሙላት፣ መክደን

ቀለሙን በደንብ አጥባችሁ አውጡ። አሁን ሃይፖክሎራይት ጓደኛችን ነው፤ የቀረውን ሰማያዊ ያነጣዋል። በሳላይን ጨርሱ። በተለይ የፊት ጥርስ ከሆነ ቀለም ትታችሁ ብትዘጉ ጥርሱ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራልና ወላጅ ይደነግጣል።

በፔፐር ፖይንት አድርቁ። ፔፐር ፖይንቱ መግል ወይም ደም እየያዘ ከወጣ ዛሬ አትሙሉት። መድኃኒት አስቀምጣችሁ ለጊዜው ዝጉና ቀጠሮ ስጡ።

የምትሞሉት ነገር ሥሩ በተፈጥሮ ሲበላ አብሮ የሚጠፋ መሆን አለበት። ዚንክ ኦክሳይድ ዩጀኖል፣ ወይም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአዮዶፎርም ጋር። ጉታ ፐርቻ (ጎማ መሰል መሙያ) ለትልቅ ሰው ነው። የወተት ጥርስ ውስጥ ብትሞሉት አይበላም፤ የቋሚውን መንገድ ይዘጋል። ራጅ አንስታችሁ ሙሌቱ ከሥሩ አለማለፉን እዩ።

ከዚያ የብረት ክራውን። ከተቻለ በዚያው ቀን። ነርቩ የወጣለት ቀጭን መንጋጋ በሙሌት ብቻ ከተተወ ይሰነጠቃል፤ ከሥንጥቁ በኩል ምራቅ ይገባል፤ እስካሁን የለፋችሁበት ሁሉ ይበላሻል። «ብረት ያስጠላል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥርሱ ሲወድቅ ክራውኑም አብሮ እንደሚወድቅ ንገሯቸው፤ ብዙዎቹ ያኔ ይስማማሉ።

ከዚያ በኋላ

ለእናትየው ከመሄዷ በፊት ይህን ንገሯት። የልጅቷ ከንፈር ለጥቂት ሰዓት ይደነዝዛል፤ እንዳትነክሰው ይጠብቋት፤ እስኪለቃት ድረስ ምግብ ይቆይ። ትንሽ ሕመም ቢኖር በክብደቷ ልክ ፓራሲታሞል ይበቃል። ፊቷ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ትምጣ።

ካርዱ ላይ «በሌዘር ታክሟል» ብላችሁ አትለፉ። የቀለሙን ዓይነትና መጠን፣ የጠበቃችሁትን ደቂቃ፣ የሞገድ ርዝመቱን፣ ሚሊዋቱን፣ ለእያንዳንዱ ካናል ያበራችሁትን ሴኮንድ ጻፉ። ነገ ሌላ ሐኪም ያያታል።

ድድ ላይ ያለችው ብጉር በሳምንታት ውስጥ መድረቅ አለባት። ካልደረቀች የረሳችሁት ካናል ይኖራል፤ ራጁን እንደገና እዩት። ከ6 ወር በኋላ ልጅቷን ጠርታችሁ ራጅ አንሱ። በሥሮቹ መገንጠያ ላይ የጠቆረው አጥንት እየሞላ ከሆነ መልካም ነው። ከዚያ በየ6 ወሩ፣ ቋሚው ጥርስ ከሥሩ ብቅ እስኪል ድረስ።